አዲስ ሥራ የማስጻፍ ሙያ፦ የክሮኖስ ኳርቴት ሃምሳ ዓመታት

በ2024 አጋማሽ አራት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ያሉት ክሮኖስ ኳርቴት ሁለት ነባር አባላቱን በአንድ ጊዜ ሸኘ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛውን ቫዮሊን ይጫወት የነበረው ጆን ሸርባና የቪዮላ ተጫዋቹ ሃንክ ደት ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የያዟቸውን ወንበሮች ለገብርኤላ ዲያዝና ለአያኔ ኮዛሳ ለቀቁ። የቼሎው ወንበር ከ1999 ጀምሮ ባለቤት ሲቀያይር ቆይቶ በ2023 ፖል ዊያንኮ ተረክቦታል። ከምሥረታው አንሥቶ ያለው ዴቪድ ሃሪንግተን ብቻ ነው። የሃምሳኛ ዓመቱ በዓል ከዚህ ለውጥ ጋር በመገጣጠሙ፣ ከአራቱ ሦስቱ አዲስ የሆኑበት ቡድን ያው ክሮኖስ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለአብዛኞቹ ኳርቴቶች መልሱ ከባድ ይሆን ነበር፤ ኳርቴት አራት ሰዎች ለዓመታት አብረው ሲለማመዱ የሚፈጠር አንድ ድምፅ ነውና። የክሮኖስ ዋና ሥራ ግን ድምፁ አልነበረም ብዬ እከራከራለሁ። ዋና ሥራው ማስጻፍ ነበር፤ ደራሲ መፈለግ፣ ገንዘብ ማፈላለግ፣ መወትወት፣ ኖታው ሲመጣም በየመድረኩ ደጋግሞ መጫወት። መመዘን ያለበትም በዚሁ ነው።

ለአዲስ ሙዚቃ የቆሙ ኳርቴቶች ከክሮኖስ በፊትም ነበሩ። በ1908 ቪየና ውስጥ የሮዜ ኳርቴት የሾንበርግን ሁለተኛ ኳርቴት ሲያቀርብ አዳራሹ በሁካታ ተረብሿል። የኮሊሽ ኳርቴት የባርቶክን አምስተኛና ስድስተኛ ኳርቴቶች፣ ላሳል ደግሞ የሉቶስላቭስኪንና የሊጌቲን ሥራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰምተዋል። ሁሉም ግን አዲሱን ከቤትሆቨንና ከሞዛርት ጎን ለጎን ይጫወቱ ነበር። ሃሪንግተን በ1973 ሲያትል ላይ ቡድኑን እንዲመሠርት ያነሣሣው በሬዲዮ የሰማው የጆርጅ ክራምብ «ጥቁር መላእክት» ነው። ሥራው በ1970፣ በቬትናም ጦርነት ወቅት የተጻፈ ነው። የአራቱ መሣሪያዎች ድምፅ በኤሌክትሪክ ይጎላል፤ ተጫዋቾቹ ውሃ የተጨመረባቸውን የብርጭቆ ዋንጫዎች ከንፈር በደጋን ይፈትጋሉ፣ ጎንግ ይመታሉ፣ ስዋሂሊን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች ቁጥር ይጠራሉ። በአንደኛው ክፍል መሣሪያውን እንደ ጥንቱ ቪዮል ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ደጋኑን ከግራ እጅ ጣቶች ወዲያ ማዶ ይስቡታል፤ የሚወጣው ድምፅ የሳሳ፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ሃሪንግተን ከዚህ ተነሥቶ የወሰደው ውሳኔ ቁርጥ ያለ ነበር፦ ቡድኑ በዘመኑ ሙዚቃ ይኖራል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ክፍያ አንድ ከረጢት ዶናት ነበር፤ ደራሲው ኬን ቤንሾፍ ነው። ዛሬ ቡድኑ ያስጻፋቸውና ያስቀናበራቸው ሥራዎች ከአንድ ሺህ በላይ ሆነዋል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ የሚያስረዳው አሠራሩ ነው። ሃሪንግተን በካሊፎርኒያው ሚልስ ኮሌጅ ያገኘው ቴሪ ራይሊ ያኔ ኖታ መጻፉን ትቶ እዚያው እየፈጠሩ በመጫወት ላይ ያተኮረ ሰው ነበር። ተወትውቶ ወደ ብዕሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ለኳርቴት የጻፋቸው ሥራዎች ከሕይወቱ ዋና ዋና ድርሰቶች መካከል ናቸው። ስቲቭ ራይሽ ደግሞ በ1988 «የተለያዩ ባቡሮች»ን ሰጣቸው። ራይሽ በልጅነቱ፣ በጦርነቱ ዓመታት፣ በተለያዩት ወላጆቹ መካከል ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ በባቡር ይመላለስ ነበር። በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ አይሁዳዊ ነውና፣ የሚሳፈረው ባቡር ሌላ ነበር። ሞግዚቱ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር አስተናጋጅና ከናዚ እልቂት የተረፉ ሰዎች ሲናገሩ የተቀዳው ድምፅ ይሰማል፤ ቪዮላውና ቼሎው የእያንዳንዱን ተናጋሪ የድምፅ ውጣ ውረድ እየተከተሉ ያንኑ ዜማ ይጫወታሉ። ይህን ሥራ ዛሬ ብዙ ኳርቴቶች ይጫወቱታል። የማስጻፍ ስኬት ማለት ይህ ነው፤ ያስጻፈው ቡድን ባይኖርም የሚኖር ሙዚቃ። ስለ አለባበሳቸው፣ ስለ መድረክ መብራታቸውና ስለተጫወቱት የጂሚ ሄንድሪክስ ዘፈን ብዙ ተብሏል፤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው።

ተቃውሞ አይጠፋም። አንደኛው ወደ ለንደን ይጠቁማል። ኢርቪን አርዲቲ በ1974 የመሠረተው ኳርቴት የዜናኪስንና የፈርኒሆን ኖታዎች፣ ለመጫወት ቀርቶ ለማንበብ የሚያዳግቱትን፣ በሚያስደንቅ ጥራት ተጫውቷል፤ በ1999 የኤርንስት ፎን ዚመንስ ሽልማት ያገኘውም በዚህ ነው። ክሮኖስ ቀላሉን መንገድ መርጧል የሚሉ ሰዎች የሞርተን ፌልድማንን ሁለተኛ ኳርቴት ይጠቅሳሉ። ሥራው ስድስት ሰዓት ገደማ ያለ እረፍት የሚዘልቅ ነው። ክሮኖስ በ1983 አሳጥሮ አቀረበው፤ በ1996 ኒው ዮርክ ላይ ሙሉውን ሊጫወት ቀጠሮ ይዞ፣ ለሰውነት ከባድ ነው ብሎ ሰረዘ። በ1999 ፍለክስ የተባለ ወጣት ኳርቴት እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ትችቱ እውነት አለው፤ በጽናትና በጥራት የሚመዘን ከሆነ አርዲቲ ይበልጣል። ይሁን እንጂ አርዲቲ ባብዛኛው ከአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ፣ ኖታ መጻፍ ሙያቸው የሆነ ደራስያንን ነው ያገለገለው። ክሮኖስ የሄደው ኖታ ወደማይጽፉትም ነው፤ አስቸጋሪው ጥያቄም የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።

በ1992 የወጣው «የአፍሪካ ሥራዎች» የተሰኘው አልበም የዚህ ጥያቄ መነሻ ነው። የኑቢያው ሐምዛ ኤል ዲን፣ የዚምባብዌው ዱሚሳኒ ማራይሬ፣ የጋምቢያው ፎዳይ ሙሳ ሱሶ፣ የሞሮኮው ሐሰን ሐክሙን፣ የኡጋንዳው ጀስቲንያን ታሙሱዛና ሌሎችም አሉበት፤ በአሜሪካ የክላሲካልም የዓለም ሙዚቃም የሽያጭ ሰንጠረዦችን መርቷል። ክሱ የታወቀ ነው፦ ምዕራባውያን ተጫዋቾች የሌላውን ሙዚቃ በራሳቸው ልክ ቆርጠው ሸጡት። ክሱን በደፈናው መቀበልም መጣልም አይገባም። በአልበሙ ላይ ደራስያኑ በስማቸው ተጠርተዋል፤ በርከት ያሉት ራሳቸው ቁጭ ብለው ተጫውተዋል፣ ዘፍነዋል። ይህ ስም የለሽ የሕዝብ ዜማ ከመሰብሰብ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለክሱ የተሻለው ማስረጃ ያለው በዚሁ አልበም ውስጥ በሚገኘው በደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን ቮላንስ ሥራ ላይ ይመስለኛል። ቮላንስ በ1982 ሥራውን መጀመሪያ ሲጽፍ የሁለት ሃርፕሲኮርድ ክሮች ወደ አፍሪካዊ ቅኝት እንዲለወጡ አድርጎ ነበር። ለክሮኖስ ወደ ኳርቴት ሲዛወር ያ ቅኝት ቀረ፤ ሙዚቃው ይበልጥ ታወቀ፣ ይበልጥም ተገራ።

ይህ ጉዳይ በ2009 እኛም ዘንድ ደርሷል። «ፍለድፕሌን» በተሰኘው አልበም ክሮኖስ የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን «ተው ስማኝ ሀገሬ» በጄኮብ ጋርቺክ አቀናባሪነት ተጫውቷል። የበገናን ነገር የሚያውቅ ሰው ችግሩን ወዲያው ያየዋል። እያንዳንዱ ክር ብርኩማውን በሚነካበት ቦታ የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ድምፁን ታንቀጠቅጠዋለች፤ የበገና ግርማ ያለው በዚያ ንዝረት ውስጥ ነው። ቫዮሊን የሚሠራው ግን ጥርት ያለ ድምፅ እንዲሰጥ ነው፤ ያን ንዝረት ከተፈጥሮው ውጭ ሄዶ መፈለግ አለበት። ሁለተኛው ችግር ይብሳል። በገና ለቃል የሚያገለግል መሣሪያ ነው፤ በጾም ወራት ሰው የሚያዳምጠው ምክሩንና ጸሎቱን ነው፤ ቃሉን ደግሞ ክር ብቻውን ሊለው አይችልም። ታዲያ መጫወታቸው ስህተት ነበር? አይመስለኝም። ዓለሙ አጋ በ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 11 አስቀድሞ በራሱ ድምፅ ለዓለም ተሰምቷል፤ ቅንብሩ እርሱን አልተካም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ቅንብር ከትእዛዝ ያነሰ ነገር ነው፤ ያለውን ያሸጋግራል እንጂ የሌለውን አያስጽፍም።

ክሮኖስ ይህን ጉድለት ያየው ይመስላል። በ2015 የተጀመረው «ሃምሳ ለመጪው ዘመን» ሃምሳ አዳዲስ ሥራዎችን፣ ግማሹን ከሴት ደራስያን ግማሹን ከወንዶች፣ አስጽፎ ኖታውን በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ሰጠ። የማሊው ባለ ባላፎን ፎዴ ላሳና ዲያባቴ አለበት፤ የካናዳ ኢኑይቷ ታንያ ታጋክም አለችበት፤ የጉሮሮ ዜማዋ ወደ ደጋን ፍትጊያ ተለውጧል። አብዛኛው የታዘዘ ሙዚቃ አንዴ ቀርቦ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ለሚለው ተቃውሞ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም፤ ተማሪዎች በነፃ አውርደው የሚለማመዱት ኖታ መሳቢያ ውስጥ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ከራሴ ክርክር ጋር የሚጋጭ አንድ ነገር ግን ይቀራል። የሃምሳ ዓመቱ ምርጫ በአብዛኛው የአንድ ሰው ጆሮ ነው። ፖላንዳዊው ጉሬትስኪ ሦስተኛ ኳርቴቱን በ1995 ጽፎ ለአሥር ዓመት ሲያቆየው ሃሪንግተን ጠበቀ፤ በ2005 ተጫወተው። ይህን የመሰለ ትዕግሥት በመተዳደሪያ ደንብ አይወረስም። ዊያንኮ ራሱ የሙዚቃ ደራሲ መሆኑ ተስፋ ይሰጣል። ቢሆንም ክሮኖስ ከሃሪንግተን በኋላ ክሮኖስ ሆኖ መቀጠሉን የሚያሳየን አዲሶቹ አባላት «ጥቁር መላእክት»ን እንዴት እንደሚጫወቱት አይደለም፤ በራሳቸው ምርጫ ለማን ደብዳቤ እንደሚጽፉ ነው።