የቮልሱን ፍሬን ዲስክ እናድርገው ወይስ ታምቡሩ ይቆይ?

በኤስ-ባን ከባድ ሆምቡርግ ወይም ከኤሽቦርን ወደ ከተማ ስንገባ ሁላችንም በሮደልሃይም እናልፋለን። እዚያ ጌሪከሽትራሰ ላይ ያለው ግቢ ግን የፍሬን ሰፈር መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አልፍሬድ ቴቨስ የሚባል ሰው በ1906 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ድርጅት አቋቋመ። በጀርመን ጋራዦች ሁሉ የሚታወቀው አ.ቴ.ኤ. የሚለው ምልክት ከስሙ የተወሰደ ነው። በ1926 እዚሁ ከተማ በሚሠራው በአድለር መኪና ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ገጠሙ፤ ለአውሮፓ መኪና ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ድርጅቱ በኋላ ወደ አሜሪካኖቹ አይ.ቲ.ቲ. ሄደ፣ በ1998 ደግሞ ኮንቲኔንታል ገዛው። በ2025 ኮንቲኔንታል የመኪና ዕቃ ክፍሉን ለይቶ አውሞቪዮ ብሎታል። ስሙ ቢለዋወጥም ሥራው ያው ፍሬን ነው።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌ ቮልስ ገዝተው እሁድ እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡ ወገኖች አሉ። አዲስ አበባ ደግሞ የአባታቸው ቮልስ ግቢ ቆሞ የሚጠብቃቸው አሉ። ሁለቱም ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ “ፊቱን ወደ ዲስክ እናዞረው ወይ?”

መጀመሪያ ልዩነቱን እንነጋገር። በታምቡር ፍሬን ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ብረቶች ሸራ ለብሰው ታምቡሩ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፔዳሉን ስትረግጡ ወደ ውጭ ተከፍተው የታምቡሩን ግድግዳ ከውስጥ ይጫናሉ። በዲስኩ ግን አንድ ክብ ብረት ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ካሊፐሩም በሁለት ፓስቲሊያ ከግራና ከቀኝ ይጨብጠዋል። (ፍሬን፣ ታምቡር፣ ፓስቲሊያ፣ ማርሽ... የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።)

ታምቡር መጥፎ ነገር አይደለም። እንዲያውም አንደኛው ሸራ በጎማው ዙረት እየተጎተተ ራሱን ይበልጥ ስለሚያጣብቅ በትንሽ የእግር ጉልበት በደንብ ይይዛል። ችግሩ ሙቀት ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርድባችኋል። ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ዲስክ ግን በአየር ላይ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፣ ሲግልም የሚሰፋው ወደ ፓስቲሊያው ነው። ውሃ ላይም እንዲሁ ነው፤ ከዲስክ ላይ ውሃ ተጠርጎ ይሄዳል፣ ታምቡር ውስጥ የገባ ውሃ ግን ሸራው እስኪደርቅ ድረስ ፍሬኑን ያዳክመዋል። በክረምት የአዲስ አበባን ጎርፍ ሰንጥቆ የወጣ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው? አንድ ቮልስ ቤተሰብና ሻንጣ ጭኖ 1000 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። የመጀመሪያውን 1000 ሜትር ብቻ ብንወስድና ሁሉም በፍሬን ብቻ ይያዝ ብንል፣ የሚወጣው ሙቀት 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይጨርሳል። ይህን ሁሉ የሚችሉት አራት ትንንሽ ታምቡሮች ናቸው። ሊማሊሞን ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት ያዩ ሰዎች “ፍሬን በጠሰ” የሚለው ወሬ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋቸውም። የድሮ ሾፌሮች “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚሉት ለዚህ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ መውረድ ግን በታምቡርም በዲስክም ሞት መጥራት ነው። ለእኛ ለፍራንክፈርቶች ደግሞ ከግሮሰር ፌልድበርግ መውረዱ አለ፤ ጫፉ ወደ 880 ሜትር ይጠጋል፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። “ዲስክ ካስገባሁ መኪናዬ በግማሽ መንገድ ይቆማል” የሚል ተስፋ ልክ አይደለም። አንድ ጊዜ ድንገት ስትረግጡ መኪናውን የሚያቆመው በመጨረሻ ጎማው ነው። በደንብ የተስተካከለ ታምቡርም ጎማውን ቀጥ አድርጎ ማሰር ይችላል። የዲስክ ጥቅም አሥረኛውም ረገጣ እንደ መጀመሪያው መሆኑ ነው። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመት ጎማ ላይ አዲስ ዲስክ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። የጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ መጀመሪያ እነሱን አንብቡ።

ፍሬኑ ደካማ ነው ከማለታችሁም በፊት ታምቡሩን አሳዩ። የቮልስ ታምቡር ራሱን አያስተካክልም። ሸራው ሲያልቅ በቀዳዳው በኩል ኮከቧን በጠመንዝ እያዞሩ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ይህ ለዓመታት ያልተደረገለት መኪና ፔዳሉ እስከ ወለል ቢወርድ አይገርምም። ታምቡሩን ስትከፍቱ ግን ጥንቃቄ! ድሮ የፍሬን ሸራ በአስቤስቶስ ነበር የሚሠራው። ጀርመን አስቤስቶስን የከለከለችው በ1993 ነው። አቧራውን በአየር አትንፉት፣ በደረቅ መጥረጊያም አትጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ልጆችም አጠገቡ አይቁሙ።

አሁን ወደ ቅየራው። ደግነቱ ቮልስ ዲስክ የራሱ ነው። ፋብሪካው ራሱ ከነሐሴ 1966 ጀምሮ የ1500ውን ቮልስ ከፊት በዲስክ አውጥቶታል። በኋላም 1302 ኤስ እና 1303 ኤስ እንዲሁ መጡ። የኋላው ጎማ በሁሉም ታምቡር ሆኖ ቀርቷል፣ እናንተም ብትተዉት ምንም አይደለም፤ የእጅ ፍሬኑም እዚያው ነው። ከፊት ከልክ በላይ ትልቅ ዲስክ የሚያስገቡ አሉ። እኔ አልመክርም። እርጥብ መንገድ ላይ የፊት ጎማ ቀድሞ ከታሰረ መሪው አይሰማችሁም።

ዕቃው ሁሉ ለሁሉም ቮልስ እንደማይገጥም ደግሞ እወቁ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የነበረው የፊት አክስል ከኋለኛው ይለያል። የድሮው ቸርኬ በ5 ቡሎን፣ የኋለኛው በ4 ይታሰራል። 1302 እና 1303 ደግሞ የፊት እግራቸው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላለ መኪና ዕቃ የምትገዙ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የጎማውን ቡሎኖችና የማስተር ሲሊንደሩን ፎቶ አስልኩ። “ቮልስ ነው፣ 60ዎቹ ነው” በሚል ወሬ ብቻ ብረት ተሸክሞ መሄድ የሻንጣ ኪሎ ማቃጠል ነው።

ብዙ ጋራዥ የሚረሳው ማስተር ሲሊንደሩን ነው። ለታምቡር የተሠራው ሲሊንደር እግራችሁን ካነሳችሁም በኋላ መስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ያ ግፊት ታምቡር ላይ ይጠቅማል። ዲስክ ላይ ግን ፓስቲሊያው ሁልጊዜ እንዲያሻሽ ያደርገዋል፤ መኪናው ይጎተታል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ለዲስክ የተሠራው መሆን አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ መናገር ያለብኝ ሌላ ነገር አለ። የድሮዎቹ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጡት ግን ሁለት መስመር አላቸው፤ የፊቱ ቢሄድ የኋላው ይይዛል። አባታችሁ በአሮጌው ቮልስ ከእንጦጦ የሚወርዱ ከሆነ፣ ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ካላችሁ፣ ከዲስኩ በፊት ይህን ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደርና አዲስ የጎማ ቱቦዎችን ግዙላቸው። ዲስኩ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

እዚህ ጀርመን ያለው መኪና ደግሞ ወረቀት አለበት። ፍሬን ቀይሮ ዝም ብሎ መንዳት አይቻልም፤ የመኪናው የመንቀሳቀስ ፈቃድ፣ በትሪፕስኤርላውብኒስ የሚሉት፣ ሊወድቅ ይችላል፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሳል። የገዛችሁት ዕቃ የመኪናችሁን ዓይነት የሚጠቅስ ታይለጉታኽተን ካለው ቱፍ ወይም ዴክራ አይቶ ያጸድቀዋል። ከሌለው አይንትሰልአብናመ ይባላል፣ እሱ ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። 30 ዓመት የሞላው መኪና የሚያገኘው የኤች ታርጋ ያላችሁ ሰዎችም ብዙ አትጨነቁ። የዚያ ዘመን ለውጥ ይፈቀዳል፣ ፋብሪካው ራሱ የገጠመው የዲስክ ፍሬን ደግሞ በቀላሉ ያልፋል። በዚያ ታርጋ የዓመት ግብሩ 191.73 ዩሮ ስለሆነ በዘመናዊ ትልቅ ዲስክ ማጣቱ ያስቆጫል። ዋናው ምክሬ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ መርማሪው ሄዳችሁ ወረቀቱን አሳዩት። ሰውዬው “ይሄ ይሆናል፣ ያ አይሆንም” ይላችኋል፤ ከገዛችሁ በኋላ ቢነግራችሁ ምን ዋጋ አለው?

ሥራው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ባዶ መንገድ ላይ ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ያዙ፣ ፓስቲሊያውና ዲስኩ እስኪላመዱ ድረስ ኃይለኛ ረገጣ አይሁን። ፔዳሉ ከበፊቱ ጠንከር ያለ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን አያግዝም፣ የቮልሱም ፍሬን አጋዥ የለውም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ ግን መስመሩ ውስጥ አየር አለና ተመለሱ፣ አትንዱት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ግማሹን ተጠቅማችሁ ሼልፍ ላይ ያስቀመጣችሁትን የተከፈተ ጠርሙስም ጣሉት፤ ወደ አዲስ አበባ ለአባታችሁ የምትልኩት እሱን እንዳይሆን።