ወሬው ስለ ድሮው ብረት ነው

አጎቴ ሽንቱ ላይ ደም ያየው ጥቅምት ላይ ነው። ለሰው የተናገረው መጋቢት ላይ። መጀመሪያ ደሙ የታየው ለሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ ሕመም የለው፣ ማቃጠል የለው። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ወትሮው ጠራ። "ተወኝ ብዬ ነበር" አለኝ በኋላ። መጋቢት ላይ ሲመለስበት ደውሎ ጠራኝ። ሽንቱ ተመረመረ፣ አልትራሳውንድ ተነሣ፤ ከዚያ ሐኪሙ "አባቴ፣ ፊኛዎን ውስጡ ገብተን ማየት አለብን" አለው። አጎቴ "እሺ" ብሎ ወጣ፤ ሁለት ቀጠሮ በተከታታይ አልሄደም። አንዱን ቀን ለቅሶ ነበረብኝ አለ፣ ሌላውን ቀን ጉንፋን።

እውነቱን የነገረኝ በሦስተኛው ቀጠሮ ዋዜማ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ የሥራ ባልደረባው ይህንኑ ምርመራ ተመርምሮ ነበር። "ብረት ነው የሚከቱብህ፤ ወንድ ልጅ ሆኜ ጮህኩ" ብሎ ነገረው። ይህቺ አንዲት ወሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጎቴ ሆድ ውስጥ ተቀምጣለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። አጎቴ በሽታውንስ ዘግይቶም ቢሆን ተናግሯል፤ እስከ መጨረሻው የደበቀው ፍርሃቱን ነው። ስለዚህ መሣሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ባልደረባው አልዋሸም። ግን ያወራው ስለ ድሮው ብረት ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተለውጧል፤ ወሬው እንዳለ አለ።

መሣሪያው ሲስቶስኮፕ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፊኛ ማያ እንደ ማለት ነው። ለምርመራ ብቻ ሲሆን ዛሬ በብዙ ቦታ የሚመረጠው ተጣጣፊው ዓይነት ነው። ውፍረቱ ከአምስት ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ተማሪ ከሚጽፍበት እርሳስ ይቀጥናል ማለት ነው። ሐኪሞች ግን ውፍረቱን በሚሊ ሜትር አይጠሩትም፤ "ፍሬንች" የሚሉት መለኪያ አላቸው፣ ሦስት ፍሬንች አንድ ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው የመጣው ሻሪየር ከሚባል የፓሪስ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ነው። "አሥራ ስድስት ቁጥር አምጪልኝ" ሲባል የሰማ ታካሚ 16 ሚሊ ሜትር መስሎት ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ 16 ፍሬንች ማለት አምስት ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነገር ነው።

በቱቦው ጫፍ ላይ ሦስት ነገር አለ፦ የሚያይ ዓይን፣ የሚያበራ ብርሃን፣ ውሃ የሚወጣበት ቀጭን ቦይ። ሐኪሙ በእጁ በሚይዘው በኩል በአውራ ጣት የሚገፋ ማንሻ አለ፤ እሱን ሲነካ ጫፉ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል። ውሃው የሚያስፈልገው ፊኛን ለመንፋት ነው። ባዶ ፊኛ አየሩ እንደ ወጣ ኳስ ግድግዳው ተጣጥፎ ይተኛል፤ በእጥፋቱ መካከል ምን እንዳለ አይታይም። ንጹሕ ውሃ ሲገባበት ይዘረጋል። የጤነኛ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በምርመራው ጊዜ የሚመጣው የሽንት ስሜትም ከዚህ ውሃ ነው እንጂ አንዳች ነገር ስለተበላሸ አይደለም።

እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ተሄዷል (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። በ1806 ፊሊፕ ቦዚኒ የሚባል የፍራንክፈርት ሐኪም፣ ውስጡ ሻማ የሚበራበት፣ ብርሃኑን በመስተዋት ወደ ቱቦ የሚልክ ዕቃ አስተዋወቀ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ የቪየና ሐኪሞች አልተቀበሉትም፣ እሱም በ1809 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሞተ። በ1853 ፈረንሳዊው ዴዞርሞ ሻማውን በአልኮልና በተርፔንታይን በሚነድ ፋኖስ ተካው። የሁለቱም ችግር አንድ ነበር፤ መብራቱ ውጭ ነው፣ ጨለማው ውስጥ ነው፣ በመካከሉ ያለው ጠባብ ቱቦ ብርሃኑን ያባክነዋል።

ማክሲሚሊያን ኒትዘ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም መብራቱን ራሱን ወደ ውስጥ ለመክተት ቆረጠ። ዮሴፍ ላይተር ከሚባል የቪየና መሣሪያ ሠሪ ጋር ሆኖ በ1879 ያሳየው ሲስቶስኮፕ ጫፉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚግል የፕላቲነም ሽቦ ነበረው። የጋለ ሽቦ ፊኛ ውስጥ! እንዳያቃጥል ዙሪያውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለማቋረጥ ይዞርበት ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ትንንሽ አምፖል ሲመጣ ሽቦውም ውሃውም ቀረ። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች ተጠቅልለው ምስልን በጠመዝማዛ መንገድ የሚያሳልፉበት ዘዴ ነው፤ ሁለተኛው በቀጥታው ብረት ውስጥ ረጃጅም የመስታወት ዘንጎች መደርደር ነው፣ በዚህም ምስሉ ጠራ። ተጣጣፊው ቱቦ የተወለደው ከመጀመሪያው ነው። ፊኛ ለማየት በሰፊው መሠራት የጀመረው ግን ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። የአጎቴ ባልደረባ ያንን ብረት ያገኘው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ መሆኑ ነው።

ብረቱ ለምን እንዳስጮኸው ለመረዳት የወንድን የሽንት ቧንቧ ማሰብ ነው። ርዝመቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ብረት ሲገባ መንገዱ ለብረቱ መቃናት ግድ ይሆንበታል። ተጣጣፊው ግን መንገዱን እንዳለ ይከተላል። የሴት የሽንት ቧንቧ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቀጥ ያለም ስለሆነ ለሴቶች ይህ ክፍል ባብዛኛው ይቀላል።

ብረቱ ዛሬም ከሥራ አልወጣም። ጠጠር ለመስበር፣ ናሙና ለመቁረጥ፣ ዕጢ ለማንሣት እሱ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ግን ከወገብ በታች ወይም ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል። ተጣጣፊው በሌለበት ሆስፒታልም ለምርመራ ብረቱ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ "የትኛው ነው? ማደንዘዣውስ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ቀድሞ መጠየቅ የታካሚ መብት ነው። አጎቴ ያልጠየቀው መልሱን የሚያውቅ ስለመሰለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሽንት መንገዱ ላይ አንድ በር አለ፤ በወንድ ከፕሮስቴት ዕጢ በታች የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት የሚከብ ጡንቻ። ሽንታችን ወጥሮን የታክሲ ሰልፍ ላይ የምንቆመው በእሱ ብርታት ነው። በፈቃዳችን ይታዘዛል፤ ጨብጥ ስንለው ይጨብጣል፣ ልቀቅ ስንለው ይለቃል። ተጣጣፊው ቱቦ ይበልጥ የሚሰማው ይህን በር ሲያልፍ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ። ሰው ሲፈራ ደግሞ ይህ ጡንቻ ሳይታዘዝ ይጨብጣል። የተጨበጠ በር ያማል፤ ሕመሙ ፍርሃቱን ይጨምራል፣ ፍርሃቱ በሩን ይበልጥ ያጠብቃል። ከሐኪሙ ችሎታ በቀር የምርመራውን መልክ የሚወስነው አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር በታካሚው ፈቃድ ሥር ያለው ይህ ጡንቻ ነው። "ፈርቻለሁ" ማለት እንግዲህ እንደ ድክመት የሚቆጠር ኑዛዜ አይደለም፤ ለሐኪሙ "የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ" የማለት ያህል የሚጠቅም መረጃ ነው።

አጎቴ በሦስተኛው ቀጠሮ ይህንኑ ተናገረ። እኔ "ጋሼ፣ ለእሷ ንገራት" ብዬ ጎተጎትኩት፤ ነርሷ ዕቃ እያሰናዳች ነበር። "ልጄ፣ እኔ እፈራለሁ" አላት። አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ነገረችው። መጀመሪያ ሊዶኬይን ያለበት የሚያደነዝዝ ጄል እንደምታስገባ፣ ያ ለጥቂት ጊዜ እንደሚያቃጥል፣ ከዚያ እንዲሠራ ጥቂት ደቂቃ እንደሚጠብቁ። ይህ መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ሰልፉ ረጅም ነው ተብሎ ጄሉ እንደገባ ወዲያው ከተጀመረ ማደንዘዙ ይጎድላል። "በሩ ጋ ስንደርስ እነግርዎታለሁ" አለችው፤ "ያን ጊዜ ሽንት እንደሚሸኑ ይሁኑ፤ አይያዙት፣ ይልቀቁት። አየር በአፍንጫዎ ስበው በቀስታ ያስወጡ። የእግርዎን ጣቶች እያወዛወዙልኝ።"

ጣት ማወዛወዝ የልጅ ማባበያ ሊመስል ይችላል፤ ግን ሰው ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ጭኑንና ዳሌውን ገትሮ መያዝ ይከብደዋል። ሌሎችም ቀላል ነገሮች አሉ። በወንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ታካሚው ምስሉን በስክሪን እየተከታተለ ሐኪሙ ሲያስረዳው ሕመሙ ማነሱን አሳይተዋል። ቱቦው በሩን በሚያልፍበት ቅጽበት የውሃውን ከረጢት በእጅ ጨመቅ ማድረግም ይረዳል፤ ውሃው ቀድሞ በሩን ይከፍተዋል። የሚወዱትን ዜማ ወይም መዝሙር በጆሮ ማዳመጫ መስማትም የሚያረጋጋቸው ብዙ ናቸው። ይህም ሁሉ ሆኖ ፍርሃቱ ከአቅም በላይ ከሆነ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን ይህን አቅልሎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። ልብስ ከወገብ በታች አውልቆ፣ እግር ከፍቶ፣ ከማያውቁት ሰው ፊት መተኛት ነው። ግን ከሚታየው ቦታ በቀር ሌላው በጨርቅ ይሸፈናል። ማን ክፍሉ ውስጥ እንደሚገባ መጠየቅ ይቻላል፤ ሴት ታካሚ ሴት ባለሙያ እንድትኖር መለመን ትችላለች፤ ተማሪዎች እንዳይገቡ ማለትም ይቻላል። በልጅነታቸው ግርዛት ጠባሳ የጣለባቸው፣ ወይም ተደፍረው የሚያውቁ ሴቶች ይህ ምርመራ ከሌላው ሰው በተለየ ሊከብዳቸው ይችላል። ታሪኩን መዘርዘር አይጠበቅባቸውም፤ "እዚያ አካባቢ ጉዳት ደርሶብኛል፤ እጄን ሳነሣ አቁሙልኝ" ማለት ይበቃል። ቆም ሲባል የማይቆም ምርመራ የለም።

ሽንት ያስቸገረው ሁሉ ይህን መሣሪያ ማየት አለበት ማለቴ ግን አይደለም። ቶሎ ቶሎ ለሚለው፣ ሌሊት ለሚያስነሣው፣ አልወርድ ለሚለው ሰው መጀመሪያ የሚደረገው የሽንት ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ከሸና በኋላ ፊኛው ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ መለካት፣ አንዳንዴም የጠጣውንና የሸናውን ለሁለት ሦስት ቀን መመዝገብ ነው። ብዙው ሰው በዚሁ መልስ ያገኛል። በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ያደገ ልጅ ሽንቱ ደም ቢቀላቅል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቢልሃርዚያ ነው፤ የትሉን እንቁላል ሽንት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ሲስቶስኮፕ የሚመጣው እነዚህ ያልመለሱት ጥያቄ ሲቀር ነው፤ ከሁሉም በላይ ኢንፌክሽን ሳይኖር ዕድሜው በገፋ ወይም ሲጋራ ባጨሰ ሰው ሽንት ላይ ደም ሲታይ። እዚህ ላይ አጎቴን ያታለለውን ነገር ደግሜ መናገር አለብኝ፦ የፊኛ ካንሰር ደም መጥቶ ይሄዳል። ሽንቱ መጥራቱ ዳነ ማለት አይደለም። ቀድሞ የተደረሰበት ዕጢ፣ ወደ ጡንቻው ሳይገባ፣ ሆድ ሳይከፈት በዚያው በሽንት መንገድ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል።

አጎቴ አልጋው ላይ ከወጣ ጀምሮ እስኪወርድ አሥር ደቂቃ አልሞላም። በሩ ላይ "እህ" አለ፣ አንድ ጊዜ። ስክሪኑን ሲያይ ዝም አለ፤ የፊኛው ግድግዳ ሮዝ ነው፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች እንደ ቅጠል ጅማት ተሰራጭተውበታል። ሐኪሙ ካንሰር የሚመስል ነገር አላየም። ያበጠው ፕሮስቴቱ ነበር፤ ላዩ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ተወጥረው ይደሙ ነበር። መድኃኒት ታዘዘለት።

መጀመሪያ ሲሸና እንደሚያቃጥለው፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሊሆን እንደሚችል፣ ብዙ ውሃ መጠጣት እንዳለበት ነገሩት። ትኩሳት ቢመጣ፣ ደሙ ቢረጋና ቢጓጉል፣ ወይም ሽንቱ አልወርድ ቢለው ግን ሳያድር እንዲመለስ አስጠነቀቁት። እኔ ወረቀቱን ይዤ ስመለስ አጎቴ ኮሪደሩ ላይ የለም። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ካርዱን በሁለት እጁ የጨመቀ ጎልማሳ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ያማል?" ይለዋል ሰውዬው።

"ጄሉ ያቃጥልሃል" አለው አጎቴ። "ከዚያ አንድ ቦታ አለ፤ ሽንትህ የመጣ ይመስልሃል። እንዳትይዘው። ጣትህን አወዛውዝ።" ጫማውን አውልቆ አሳየው።