እንዲጥል የሚጠበቅበት ክፍል

የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ በመድኃኒት ይረጋጋሉ። የቀሩትን ክኒኑን ሳያቋርጡ እየዋጡም ይጥላቸዋል። በሚገባ ተመርጠው በበቂ መጠን የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ካላቆሙት፣ ሦስተኛውና አራተኛው የማቆም ዕድላቸው አነስተኛ ነው። የቀዶ ሕክምና ጉዳይ መነሳት ያለበት ያኔ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሳው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ምርመራው ሁለት ነገር ለማወቅ ይጥራል፦ የሚጥለው ከየትኛው የአንጎል ቦታ ተነስቶ ነው? ያ ቦታ ቢወጣስ ሰውየው ምን ይጎድልበታል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሲባል ታካሚው ሆስፒታል ተኝቶ እስኪጥለው ይጠበቃል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ የኢኢጂ ሽቦዎች ራሱ ላይ ይለጠፋሉ፣ ካሜራ ቀንና ሌሊት ይቀርጸዋል፣ መድኃኒቱም በሐኪም ቁጥጥር ይቀነስለታል። ሲነሳበት ክብሪት ጭሮ የሚያሸተው የለም (የትም ቢሆን አይጠቅምም)። ነርሷ እንዳይጎዳ እየጠበቀች ስሙን ትጠይቀዋለች፤ አንድ ቃልም ነግራው ሲነቃ ያስታውሰው እንደሆነ ትፈትነዋለች። ሐኪሙ ቪዲዮውን እየመለሰ የሚያየው ለትንንሹ ነገር ነው። አንዱ እጅ ልብስ ሲጎነትል ሌላው ግትር ብሎ ከቀረ፣ ምንጩ ከግትሩ እጅ በተቃራኒ ባለው የአንጎል ጎን ሊሆን ይችላል። ሲነቃ አፍንጫውን የጠረገበት እጅ እንኳ ፍንጭ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ምንጩ በዚያው እጅ በኩል ይገኛል። ንግግሩ ለመመለስ ከዘገየ ደግሞ ቋንቋን የሚመራው ጎን፣ በአብዛኛው ሰው ግራው፣ ይጠረጠራል።

የኤምአርአይ ምስል አንጎሉ ውስጥ ያሳየው ጠባሳ ከዚህ ሁሉ ጋር ከገጠመ ሥራው ይቀላል። ካልገጠመ በራስ ቅል ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ወደ አንጎል ይገቡና ጥበቃው እንደገና ይጀመራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካዋ ሃርትፎርድ ከተማ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም ከ27 ዓመቱ ሄንሪ ሞላይሰን አንጎል ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል ከግራም ከቀኝም በከፊል አወጣ። በሽታው ቀለለ፤ ሞላይሰን ግን በ2008 እስኪሞት ድረስ የዛሬን ለነገ ማስታወስ አልቻለም። ዛሬ የማስታወስና የቋንቋ ፈተና ሳይሰጥ ቢላዋ አይነሳም። አንዳንዴም ግማሹን አንጎል ወደዚያው ጎን ደም በሚያደርሰው የአንገት ደም ቅዳ በሚሰጥ መድኃኒት ለደቂቃዎች አስተኝቶ፣ ሌላው ግማሽ ብቻውን ምን ያህል እንደሚችል ይታያል።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት 80 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ነበር። በሽታቸው የሚነሳው ከጆሮ በላይ ካለው የአንጎል ክፍል ነው። ከዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት ጥቃት ነጻ የሆኑት ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት 8 በመቶ ነበሩ።

በመጨረሻ የነርቭ ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ የምስል ባለሙያውና የሥነ ልቦና ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። ምንጩ ብዙ ቦታ ከሆነ ወይም ቋንቋን ከሚመራው ቦታ የማይለይ ከሆነ መልሳቸው «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። «ይሆናል» የተባለውም ቢሆን ከቀዶው ማግስት ክኒኑን አይጥልም፤ ቢያንስ ለወራት ይቀጥላል።