ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፦ የባህል ባንድ አሰላለፍ ከየት መጣ?

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1975 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) አዲስ አበባ ውስጥ የሠራ፣ በአገር ቤት የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚጫወት ቡድን ነው። ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ተጫዋቾችን አሰባስቦ ነበር፤ ቁጥራቸውም እስከ 30 የደረሰበት ጊዜ አለ። በፍቅር ከሚታወሱት የዘመኑ ባንዶች አንጻር ስሙ እምብዛም አይነሣም። ይህ አግባብ አይደለም፤ ዛሬ በየሠርጉና በየባህል ምግብ ቤቱ የሚታየው አሰላለፍ ብዙው የእርሱ ሥራ ነውና።

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ አንድ የሠርግ አዳራሽ የገባ ሰው ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ጎን ለጎን ሆነው ሙሽሮችን ሲያጅቡ ያያል። የመድረክ አስተዋዋቂውም «ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው የባህል ባንድ» ብሎ ያቀርባቸዋል። አባባሉ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። መሣሪያዎቹ የአባቶች ናቸው፤ ባንዱ ግን የትናንት ነው። አስተዋዋቂዎች ይህን ሳያጣሩ መድገማቸው ተገቢ አይደለም፤ ባንዱን አስበው የሠሩት ሰዎች ድካም በዚህ አባባል ይጠፋል።

ቀድሞ እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ቦታ ነበረው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ አዝማሪውም እየመታ ራሱን ያጅባል። ዋሽንት የእረኛ ነው። በገና የጸሎት ሲሆን በተለይ በዐቢይ ጾም ይደረደራል። እምቢልታና መለከት ከቤተ መንግሥትና ከታላላቅ በዓላት አይለዩም ነበር። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ባህል ደግሞ ጌረርሳ የተባለው ዜማ በአንድ ሰው ድምፅ የሚቆም ነው፤ አጃቢ መሣሪያ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ማኅበር የአገር ቤት ሙዚቃን ቀደም ብሎ ወደ መድረክ አውጥቶታል። የየብሔረሰቡን መሣሪያዎች በአንድ ቅንብር ማናገርን ዋና ሥራው ያደረገው ግን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው።

መሥራቹ በካይሮ የተወለደው ግብፃዊ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ነው። በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓትን በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ ድምፁን እየለወጠ የሠራው ሥራ ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ዛርን ለሚያውቅ አገር እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቡድኑን አቋቋመና በ1964 ለቆ ሄደ።

እነዚህን መሣሪያዎች በአንድ ላይ የማስማማት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚገባው መሣሪያዎቹን ቀርቦ ላየ ነው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ድምፁ ተወስኗል። ርዝመቱና የቀዳዳዎቹ ርቀት የሰጡትን ነው የሚያወጣው፤ ተጫዋቹ በትንፋሹና በጣቱ ጥቂት ያነሣው ወይም ያወርደው ይሆናል እንጂ እንደ ክር ሊያጠብቀው አይችልም። ስለዚህ ዋሽንት ነፊ ረጅምና አጭር ዋሽንቶችን በአንድ ከረጢት ይዞ ይዞራል፤ ለዘፋኙ ድምፅ የሚስማማውን መዝዞ ያወጣል። ክራር ገራፊው ያንን ድምፅ ሰምቶ አምስቱን ወይም ስድስቱን ክር እያጠበቀና እያላላ ይቃኛል። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ለመሻገርም ክሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ይሆንበታል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ስላለው ይቀለዋል፤ ተጫዋቹ ጭራውን እጣን ያስነካና መቃኛውን ጠምዝዞ ይከተላል፤ የቀረውን ጣቱ ይፈልገዋል። እምቢልታ ግን የጣት ቀዳዳ እንኳ የለውም። አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ስለሆነ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ነው ዜማ የሚያወጡት። ብቻውን ሲጫወት የኖረ አዝማሪ ቅኝቱን ለራሱ ጉሮሮ ነበር የሚያበጀው፤ በቡድኑ ውስጥ ግን ለሌላው መሣሪያ ጆሮ መስጠት፣ ተራ መጠበቅና ዝም ማለትንም መማር ነበረበት። ዛሬ የባህል ባንድ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት «ድምፅ ስጠኝ» ተባብሎ ሲቃኝ የሚያጉረመርም ታዳሚ አለ። ትዕግሥት ይገባዋል፤ ያ ደቂቃ ከቀረ የተዘበራረቀ ጩኸት ነው የሚሰማው።

ከኤል-ዳብ ቀጥሎ ቡድኑን አሜሪካዊው የሰላም ጓድ አባል ጆን ኮ መራው። ከ1966 ጀምሮ እስከ መጨረሻው የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። ሌላው የሰላም ጓድ አባል ቻርልስ ሰተን ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ ከቡድኑ ጋር ተጫውቷል። የቡድኑ አባላት በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀረቡ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ፣ በ1975 ቡድኑ ፈረሰ። ተስፋዬ ለማ ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለትውልድ ለማቆየት ሲደክም ኖሮ በ2013 አረፈ። የቡድኑ ቅጂዎች በ2007 የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛ አልበም ሆነው ወጥተዋል፤ የባህል ባንድ ለማቋቋም የሚያስብ ወጣት ከሌላው ሁሉ በፊት ሊያደምጠው የሚገባ ነው።

አሰላለፉ በኪነት ቡድኖች፣ በባህል ምግብ ቤቶችና በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን መድረኮች ዘልቋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት አዳራሾች አሁን ኪቦርድ ተጨምሯል፤ ክራሩም ወደ ድምፅ ማጉያ የሚገባ ገመድ አለው። የኪቦርዱ ድምፅ ቋሚ ስለሆነ ቅኝት ሰጪነቱ ከዋሽንት ወደ እርሱ አልፏል፤ ነፊውም ከከረጢቱ የሚመዘው ከኪቦርዱ ጋር የሚገጥመውን ሆኗል። ድምፅ የሚቆጣጠሩ ልጆች ኪቦርዱን ከፍ አድርገው ማሲንቆውን ሲውጡት ግን ጥፋቱ የኪቦርዱ አይደለም። ማሲንቆውንና ዋሽንቱን አስቀድሞ አስተካክሎ፣ ኪቦርዱን ከነርሱ ሥር ማድረግ ይበቃል።