ፈተና ሚዛን ብቻ ነውን? የአንጎል ምርምር ስለ ጥናትና ምዘና የሚነግረን

በትምህርት ቤቶቻችንም ሆነ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ፈተና በአብዛኛው የሚታወቀው በሚዛንነቱ ነው። መምህሩ ያስተምራል፤ ተማሪው ያጠናል፤ በመጨረሻም ፈተናው ማን ምን ያህል እንደያዘ ይለካል። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ትምህርት የሚካሄደው ከፈተናው በፊት ሲሆን፣ ፈተናው ራሱ በዕውቀቱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሚዛን የእህሉን ክብደት ይናገራል እንጂ እህሉን አያበዛውምና። በትውስታ ላይ የተካሄዱ ምርምሮች ግን ይህ ምሳሌ ለአእምሮ እንደማይስማማ አሳይተዋል። አንድን ነገር ከትውስታ አውጥቶ መናገር ወይም መጻፍ ትውስታውን ራሱን ያጠነክረዋል። ይህ ግኝት ከየት እንደመጣ፣ ለተማሪው የጥናት ልማድና ለመምህሩ የምዘና ዘዴም ምን ትርጉም እንዳለው በዚህ ጽሑፍ ለማየት እንሞክራለን።

ትውስታ በአንጎል ውስጥ

የአዋቂ ሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል። እነዚህ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚገናኙት ሲናፕስ በሚባሉ መገናኛዎች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቲሞቲ ብሊስና ቴርዬ ሎሞ በጥንቸል አንጎል ላይ ያደረጉትን ሙከራ ይፋ ሲያደርጉ፣ በፍጥነት ተደጋግሞ የሚመጣ ንዝረት የሚያልፍበትን ሲናፕስ ለሰዓታት እንደሚያጠነክረው አሳዩ። ኤሪክ ካንዴል ደግሞ አፕሊሲያ በተባለች ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ምርምር አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በዚህ ምርምር እንደታየው የአጭር ጊዜ ትውስታ በነባር ሲናፕሶች ላይ የሚደረግ ኬሚካዊ ለውጥ ሲሆን፣ የረጅም ጊዜ ትውስታ ግን አዳዲስ ፕሮቲኖች እንዲሠሩና አዳዲስ መገናኛዎች እንዲበቅሉ ይጠይቃል። ስለዚህ መማር በአካላችን ውስጥ የሚካሄድ ግንባታ ነው፤ ግንባታ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

በዚህ ግንባታ ውስጥ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ያለውን ድርሻ በግልጽ ያሳየው የሄንሪ ሞሌይሰን ታሪክ ነው። ይህ አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታ እንዲገላገል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከሁለቱም የአንጎሉ ጎኖች የሂፖካምፐሱ አብዛኛው ክፍል ወጣለት። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የልጅነቱን ዘመን ሲያስታውስ፣ አዲስ ያገኘውን ሰው ወይም የዕለቱን ውሎ ግን መያዝ አልቻለም። ሂፖካምፐስ አዲሱን ትምህርት ተቀብሎ ቀስ በቀስ በአንጎል ቅርፊት ውስጥ እንዲጸና ያግዛል። ከዚህ ሥራ አንዱ ክፍል የሚከናወነው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክናውተን ባሳተሙት ጥናት፣ አይጦች ሲንቀሳቀሱ አብረው የሠሩ የሂፖካምፐስ ሕዋሳት አይጦቹ በተኙ ጊዜ እንደገና አብረው ሲሠሩ ተስተውለዋል። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚያጠና ተማሪ እንግዲህ ገጾችን ሲያተርፍ ገጾቹ የሚጸኑበትን ጊዜ ይከስራል።

መርሳትና ማስታወስ

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን በቃሉ እያጠና የራሱን መርሳት ለካ። መርሳቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ዝግተኛ እንደሆነ ተገነዘበ። ከዚሁ ጋር የጥናቱን ጊዜ በተለያዩ ቀናት መከፋፈል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመደጋገም እንደሚበልጥ አስተዋለ። ይህ ግኝት ከዚያ ወዲህ በበርካታ ሙከራዎች ተረጋግጧል።

እረፍት ሰጥቶ መመለሱ ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ሲመለሱ ምን ማድረግ ይሻላል? መጽሐፉን እንደገና ማንበብ ወይስ መጽሐፉን ዘግቶ ማስታወስ? ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ሙከራ የምንጠቅሰው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ 120 ተማሪዎች አጫጭር የሳይንስ ምንባቦችን ለ7 ደቂቃ አነበቡ። ከዚያም አንዱን ምንባብ ለሌላ 7 ደቂቃ ደግመው ሲያነቡ፣ የሌላውን ይዘት ግን ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ያህል ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ካነበቡት 81 በመቶ፣ ከትውስታ ከጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ድጋሚ ንባብ ያሸነፈ መሰለ። ከ2 ቀን በኋላ ግን ውጤቱ ተገልብጦ 54 ለ68 ሆነ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ 42 ለ56። ከትውስታ በጻፉ ጊዜ ማንም እንዳላረማቸው ስናስብ ልዩነቱ ይበልጥ ያስደንቃል።

ሁለተኛው ሙከራ ከዚህ የከፋ ነገር አሳየ። አንዱ ቡድን ምንባቡን በአራት ተከታታይ ክፍለ ጊዜያት አነበበ፤ ሌላው በአንዱ አንብቦ በሦስቱ ከትውስታው ጻፈ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቡድን 40 በመቶ፣ ሁለተኛው 61 በመቶ አስታወሰ። ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ ግን፣ የበለጠ እርግጠኛ የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። ድጋሚ ንባብ ገጹን ለዓይን የተለመደ ያደርገዋል፤ ይህን መለመድ ከማወቅ ጋር እናምታታዋለን። ማስታወስ ግን ያደክማል፤ የጎደለውንም ያጋልጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን የሚቀለንን እንመርጣለን።

ከምርምር ወደ መማሪያ ክፍል

ይህ ከሆነ ምዘናን በትምህርቱ መጨረሻ ብቻ ማስቀመጥ ታላቅ መሣሪያን መቆለፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ተከታታይ ምዘና በቀላሉ ወደ ተከታታይ ፈተና ይለወጣል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ጥያቄ ለድምር ውጤት ነጥብ መሰብሰቢያ ብቻ ሲሆን ነው። ሩት በትለር በእስራኤል ተማሪዎች ላይ ያካሄደችውና እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት በዚህ ረገድ ያስተምራል። አንደኛው ቡድን በሥራው ላይ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ሁለተኛው ውጤት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ተሰጠው። በሥራቸው የተሻሻሉትና ፍላጎታቸው የጸናው አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ናቸው፤ ውጤት ሲታከልበት የአስተያየቱ ጥቅም ጠፋ። ቁጥሩን ያየ ተማሪ ምክሩን አያነብም ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ፍርሃት የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በአንድ ጊዜ በሐሳባችን ይዘን የምንሠራባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ስጋት ከዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ለጥያቄው የሚተርፈው ያንሳል። አጭር፣ ተደጋጋሚና ነጥቡ ዝቅተኛ የሆነ ወይም ጨርሶ የማይያዝ ጥያቄ ግን የማስታወስን ጥቅም ያለ ከባድ ስጋት ይሰጣል።

ይህ አሠራር ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የተማረውን መጽሐፍ ሳያይ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይላል፤ ሲሳሳት መምህሩ በዚያው ቅጽበት ያርመዋል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ሒፍዝ የሚያደርግ ተማሪ የያዘውን ለመምህሩ ያሰማል፤ የቀድሞውንም ይከልሳል። በእርግጥ የሳይንስ ትምህርት በቃል መያዝ ብቻ አይበቃውም። ነገር ግን «የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ጻፍ» ከማለት ይልቅ «የጫነ መኪና ከባዶው ይልቅ ለመቆም ረጅም ርቀት የሚፈልገው ለምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ያው የማስታወስ ልምምድ ማስተዋልን ያሠለጥናል።

ጥንቃቄ

የአንጎል ሳይንስ ስም ለብዙ መሠረተ ቢስ አባባሎችም መነገጃ ሆኗል። ሰው የአንጎሉን 10 በመቶ ብቻ ይጠቀማል የሚለው ሐሰት ነው። ሰዎችን «ግራ አንጎል» እና «ቀኝ አንጎል» ብሎ መመደብም ማስረጃ የለውም። እያንዳንዱ ተማሪ በማየት፣ በመስማት ወይም በመዳሰስ ከሚማሩት በአንዱ ወገን ይመደባልና እንደዚያው ይማር የሚለውን ትምህርት ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 መርምረው በቂ ድጋፍ አጥተውለታል። ጆን ብሩየር ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1997 ከነርቭ ሕዋስ በቀጥታ ወደ መማሪያ ክፍል የሚዘረጋ ድልድይ እጅግ ረጅም እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። መካከለኛው ምሰሶ የሰውን አስተሳሰብ የሚያጠናው ሥነ ልቡና ነው፤ ከላይ የጠቀስናቸው የጥናትና የምዘና ሙከራዎችም የቆሙት በዚህ ምሰሶ ላይ ነው።

እንግዲህ ተማሪው አንድ ምዕራፍ ካነበበ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ የያዘውን በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ገልጦ የጎደለውን ይሙላ፤ በማግስቱና ከሳምንት በኋላም ይድገመው። መምህሩ የዛሬውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስላለፈው ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ወዲያው ያርም። ለዚህ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ተማሪው በብዛት በሚገኝበት ክፍልም መልሱን ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ሊያርም ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣው ትልቅ ፈተና ያን ጊዜም ሚዛን መሆኑ አይቀርም። ልዩነቱ፣ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው እህል በየሳምንቱ ሲዘራና ሲታረም የከረመ መሆኑ ነው።