የዋጋ ተመን፦ ለአርሶ አደሩ ምን ያመጣል?

የትምህርቱ ዓላማ፦ አርሶ አደሮች ከዚህ ትምህርት በኋላ የዋጋ ተመን ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ይገነዘባሉ፤ የአንድ ኩንታል ምርታቸውን ወጪም ራሳቸው ማስላት ይችላሉ።

1. መነሻ

ማሽላ ወይም ሰሊጥ ተሰብስቦ ወደ ማንኩሽ ገበያ ሲወርድ ዋጋው ይወድቃል። ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲራቆት ደግሞ ያው እህል ይወደዳል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን «መንግሥት ዋጋውን ለምን አይወስንም?» እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተመን ሁለት ዓይነት መሆኑን እንለይ። «ከዚህ በታች አይገዛም» የሚለው የመነሻ ዋጋ አምራቹን ለመጠበቅ ነው። «ከዚህ በላይ አይሸጥም» የሚለው ጣሪያ ደግሞ ሸማቹን ለመጠበቅ ነው። በታሪክ በብዛት የታየው ሁለተኛው ነው።

2. የኮታ ዘመን በአገራችን

በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ነበር። ያኔ መተከል በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ኮታው በገበሬ ማኅበር በኩል ለእያንዳንዱ አባል ይደርሰዋል። የኮታው ዋጋ ለዓመታት ሳይሻሻል ሲቆይ የገበያው ዋጋ ግን ከእሱ በእጅጉ በልጦ ሄደ። ምርቱ ያልሞላለት ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ፣ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። እህል ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው እንዳይሄድም ኬላ ይከለክል ነበር። ትርፍ ማምረት ኮታ የሚያስጨምር ከሆነ ገበሬው ለምን ይተጋል? ኮታውም ሆነ ተመኑ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደግሞ መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎች ሸቀጦች ላይ ጣሪያ አወጣ። ዓላማው የኑሮ ውድነትን ማርገብ ነበር። ሆኖም አንዳንዱ ሸቀጥ ከሱቅ ጠፋ፤ ተመኑም ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ።

3. ሕዝብ የተጠየቀበት አገር

በአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት መሠረት ማዕከላዊው መንግሥት በሰላም ጊዜ በመላ አገሪቱ ዋጋ የመወሰን ሥልጣን የለውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦርነቱ ምክንያት ሲቆጣጠር ቆይቷል። ጦርነቱ ሲያበቃ የጠቅላይ ሚኒስትር ቺፍሊ መንግሥት የቤት ኪራይንና የሸቀጥ ዋጋን የመቆጣጠር ሥልጣን በቋሚነት እንዲሰጠው ሕዝቡን ጠየቀ። ድምፅ የተሰጠው ግንቦት 21 ቀን 1940 ዓ.ም. ነበር።

በዚያ አገር ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል የመላ አገሪቱ አብላጫ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ከስድስቱ ክልሎች ቢያንስ በአራቱም ማሸነፍ ያስፈልጋል። ውጤቱ ሲቆጠር የደገፉት ከመቶ 41 ያህል ብቻ ሆኑ፤ በስድስቱም ክልሎች ውድቅ ሆነ። የተቃወሙት ወገኖች ለጦርነት የተሰጠ ሥልጣን በሰላም ጊዜ መቀጠል የለበትም ብለው ይከራከሩ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1966 ዓ.ም. ጥያቄው እንደገና ቀረበ። ዋጋን ለመቆጣጠር ከመቶ 44 ያህሉ፣ ገቢንና ደመወዝን ለመቆጣጠር ደግሞ ከመቶ 34 ያህሉ ብቻ ደገፉ። ሁለቱም ወደቁ።

ይህ ማለት ግን ቁጥጥር በአንድ ቀን ጠፋ ማለት አይደለም። ከ1940ው ድምፅ በኋላ ሥራውን ክልሎቹ ተረክበው ቀስ በቀስ አላሉት። ትልቁ ቁም ነገር ሥልጣኑን ከመስጠቱ በፊት ሕዝቡ መጠየቁና መመዘኑ ነው።

4. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ተመን ቢወጣም ባይወጣም ወጪውን የማያውቅ ገበሬ መከራከር አይችልም። ለስሌት ያህል፦ ለአንድ ሄክታር ማሽላ ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለአረም፣ ለአጨዳና ለማጓጓዣ 30,000 ብር ወጣ እንበል። ምርቱ 20 ኩንታል ከሆነ የአንዱ ኩንታል ወጪ 1,500 ብር ነው። ጣሪያው 1,300 ብር ቢሆን በሄክታር 4,000 ብር ኪሳራ ነው፤ 1,800 ብር ቢሆን ግን 6,000 ብር ትርፍ ይገኛል። የቤተሰብን ጉልበትም በወጪ መቁጠር አይዘንጋ።

ስለዚህ፦
• ወጪያችሁን ከዘር እስከ ገበያ በደብተር መዝግቡ።
• እህሉን በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ከረጢት አስቀምጡ፤ ነቀዝን ይከላከላል፣ በአጨዳ ሰሞን በርካሽ ከመሸጥም ያድናል።
• ሁሉንም ምርት በአንድ ቀን አትሽጡ፤ ለዕዳና ለአስቸኳይ ወጪ የሚበቃውን ብቻ አስቀድሙ።
• በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በጋራ ሽጡ፤ አንድ ኩንታል ይዞ የሚቀርብና መቶ ኩንታል ይዞ የሚቀርብ እኩል አይደመጥም።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. ባለፈው ዓመት የአንድ ኩንታል ምርታችሁ ወጪ ስንት ነበር? በስንት ሸጣችሁ?
ለ. በኮታ ዘመን የነበሩ አባቶችና እናቶች በመካከላችን ካሉ የደረሰባቸውን ያጫውቱን።
ሐ. በማሽላ ላይ የዋጋ ጣሪያ ይውጣ ተብሎ ድምፅ ብትጠየቁ ምን ትመርጣላችሁ? እህል ሸምቶ የሚበላ ጎረቤታችሁስ ምን ይመርጣል?