ስፍር ቁጥር ያለው ሠራዊት፦ የስልት ጨዋታ ቃላትን በአማርኛ ስለ መሰየም

1. የጽሑፉ ዓላማ

ስለ ብዙ ጦር በአማርኛ ሲነገር «ስፍር ቁጥር የሌለው ሠራዊት» ማለት የተለመደ ነው። በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ የሚካሄደው የስልት ጨዋታ የቆመው ግን በዚህ አባባል ተቃራኒ ላይ ነው። ተጫዋቹ የሚያዝዘው ጭፍራ ቁጥር አለው፤ ጭፍራው የሚመገበው እህልም ስፍር አለው። ጀግኖችና ጠንቋዮች፣ ዘንዶዎችና ጭራቆች የሚፋለሙበት ዓለም ምናባዊ ቢሆንም፣ የጨዋታው ጥያቄ የማንኛውም የጦር አዝማች ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ያለውን ጥቂት ነገር በየትኛው ተግባር ላይ ማዋል ይሻላል የሚል ነው።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የሚገጥመው ዋና ችግር የቃላት ማነስ አይደለም። በሌላ የሙያ መስክ ተቀባይነት ያገኘ ስያሜ ወደዚህ መስክ ሲዛወር ትርጉሙ ሊጣመም፣ አልፎ አልፎም ሊገለበጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ሦስት እንዲህ ያሉ ስያሜዎች ይመረመራሉ። ቀጥሎም በጦር ሰፈር፣ በጎተራና በሰንጠረዥ ገበታ ዙሪያ ከዳበረው የአማርኛ ቃላት ውስጥ ለዚህ መስክ የሚስማሙት ይቀርባሉ።

2. ከሌላ መስክ የተወሰዱ ስያሜዎች

ሀ) አሃድ። በሒሳብና በፊዚክስ «ዩኒት» ለሚባለው ፅንሰ ሐሳብ «አሃድ» ተገቢ ስያሜ ነው። በጨዋታ ግን ያው የባዕድ ቃል የሚያመለክተው የሚታዘዝ፣ የሚዋጋና የሚሞት ተዋጊን ነው። «ሦስት አሃዶች ተገደሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን ባይኖረውም፣ ተናጋሪው ጆሮ ላይ ሜትርና ግራም የተገደሉ ያህል ይሰማል። ለአንድ አለቃ የሚታዘዘውን ተዋጊ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ «ጭፍራ» ሲል ኖሯል።

ለ) ሀብት። «ሪሶርስ» ለሚለው ቃል «ሀብት» የሚለው አቻ ከአስተዳደርና ከምጣኔ ሀብት የመጣ ነው። «የተፈጥሮ ሀብት» ሲባል ገና ያልተነካውን፣ በምድር ላይ ያለውን ስለሚያመለክት በቦታው ነው። በጨዋታው ውስጥ የሚቆጠረው ግን በሠራተኞች ድካም ተለቅሞ የተከማቸና በየእርምጃው የሚመናመን ነገር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ ሦስተኛ ክፍል ሰባት ዓይነት እንዲህ ያለ ነገር አለው፤ እነሱም ወርቅ፣ እንጨት፣ ጥሬ ማዕድን፣ ባዜቃ፣ ድኝ፣ ክሪስታልና ዕንቁ ናቸው። አንዱ ቢጎድል ሌላው ቢትረፈረፍም የታሰበው ሕንፃ አይሠራም። «ሀብትህ አልቋል» የሚል መልእክት ተጫዋቹን ከሰርክ እንደ ማለት ነው። «ጥሪት» የሚለው ቃል ግን በመጠን ትንሽነትን፣ በአመጣጥ ልፋትን፣ በፍጻሜውም መሟጠጥን ያዘለ ነው። «ጥሪቱን አሟጠጠ» ይባላል፤ ይህ አነጋገር ጨዋታው የሚፈልገውን ሁሉ በሁለት ቃል ይሰጣል።

ሐ) አቅርቦት። ከሦስቱ የሚያሳስበው ይህ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ስታርክራፍት አንድ ተጫዋች ሊይዝ የሚችለው ኃይል በ200 ነጥብ የተወሰነ ነው፤ ጨዋታው ለዚህ ወሰን የሚሰጠው ስም በምጣኔ ሀብት «አቅርቦት» ተብሎ የሚተረጐመው ቃል ነው። ቁጥሩ ከወሰኑ ሲደርስ ተጨማሪ ጭፍራ ማውጣት አይቻልም። ተርጓሚው ይህን «አቅርቦት ሞልቷል» ብሎ ቢመልሰው፣ ክልከላውን የሚናገረው ማስታወቂያ ስለ መትረፍረፍ የሚናገር ይሆናል። ስለዚህ አንባቢው ማድረግ የሚገባውን ተቃራኒ ያደርጋል። «ስፍሩ ሞልቷል» ቢባል ግን ቁናው እስከ አፉ መሙላቱንና ከዚህ በላይ እንደማይይዝ ማንም ይረዳል።

3. ሰፈርና ስፍር

«ሰፈረ» በሚለው ግስ ዙሪያ በአማርኛ ሁለት ትርጉሞች ይገኛሉ። አንደኛው በአንድ ቦታ ማረፍ፣ ድንኳን መትከል ነው፤ «ሰፈር» የሚለው ስም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው እህልን በመስፈሪያ መለካት ነው፤ «ስፍር» እና «መስፈሪያ» ከዚህ ይመጣሉ። ለስልት ጨዋታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ጦር የሚሰፍርበት ቦታና ለጦር የሚሰፈረው እህል የማይነጣጠሉ ናቸውና።

ለዚህ የጉለሌ ምድር ራሱ ማስረጃ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ቦታው በመጀመሪያ የጦር ሰፈር ነበር። ከፍታው ለመከላከል ቢያመችም ብርዱ የበረታ፣ ለብዙ ሠራዊት የሚበቃ ማገዶ ማግኘትም አስቸጋሪ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየተመሩበት ሰፈሩ፤ «ደጃች ውቤ ሰፈር» እና «ራስ ተሰማ ሰፈር» የመሳሰሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። የጦር ሰፈር የነበረው ቃል ዛሬ የመኖሪያ መንደር ስም የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የማገዶው እጥረት ግን አብሮ ወረደ። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር የታሰበበት አንዱ ምክንያት የእንጨት ማለቅ ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትረጋ ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው ከውጭ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መስፋፋት ሲሆን፣ የእንጦጦ ተዳፋት ዛሬም በአብዛኛው እሱ ነው የሚታይበት። በስልት ጨዋታም ሥርዓቱ ይኸው ነው። የወርቁ ጉድጓድ ሲነጥፍና ጫካው ሲመነጠር ተጫዋቹ ሌላ ቦታ ሄዶ ሁለተኛ ሰፈር ይቈረቍራል፤ ካልሆነም ባለበት ይመነምናል። ወጣቶች «ቤዝ» የሚሉትን «ሰፈር» ማለት ስለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር ሳይሆን ቃሉን ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ነው።

4. ቀለብና ስንቅ

በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ዋርክራፍት ሦስት ለዚህ ክፍል ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሰዎች ወገን አንድ ሠራተኛ 1፣ አንድ እግረኛ 2፣ አንድ ፈረሰኛ 4 ቀለብ ይፈልጋል፤ አንድ እርሻ የሚሰፍረው ደግሞ 6 ነው። እንግዲህ አንድ እርሻ ሦስት እግረኛ ብቻ ይቀልባል። የወሰኑ ጣሪያ 100 ነው። ከዚህም በላይ የሠራዊቱ ብዛት ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ቀለቡ እስከ 50 ሲሆን ሠራተኛው ተሸክሞ የሚመጣው 10 ወርቅ በሙሉ ገቢ ይሆናል፤ ከ51 እስከ 80 ሲደርስ ከ10ሩ 7ቱ ብቻ፣ ከ80 ሲያልፍ 4ቱ ብቻ ይገባል። ብዙ ጦር ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ተጫዋች ከዕለት ወደ ዕለት የሚደኸየው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ የማያቋርጥ ወጪ «ጥገና» የሚለው አቻ አይስማማም፤ የሚጠገን ሕንፃ ወይም ማሽን ነው። ወታደር ይቀለባል። «ቀለብ ተሰፈረለት» የሚለው አነጋገር ሰጪው በየጊዜው መስጠት እንዳለበትና መጠኑም የተለካ መሆኑን አጠቃልሎ ይዟል። ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ ይቀለብ በነበረበት ዘመን የሠራዊቱ ብዛት በቀጥታ የገበሬውን ጓዳ ያራቍት ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የታወጀው አሥራት አንዱ ዓላማ ይህን በጎተራ በሚገባ ግብር መተካት ነበር። ጨዋታው በቁጥር የሚያሳየውን ሕግ የአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ በኑሮው ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ቀለብን ከስንቅ መለየት ያስፈልጋል። ቀለብ በሰፈር ሳሉ የሚሰፈር ሲሆን ስንቅ ለመንገድ የሚያዝ ነው። ቀለብ ይቀጥላል፤ ስንቅ ያልቃል። ልዩነቱ በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በጥር ወር የመቀሌው ምሽግ የተለቀቀው ግንቡ ስለ ፈረሰ ሳይሆን፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር እንደ ተፈጸመ በሚነገረው ዘዴ የውሃው ምንጭ ስለ ተያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ በዐድዋ አቅራቢያ ሁለቱ ጦሮች ተፋጥጠው ሲቆዩ የሁለቱም ስንቅ እያለቀ ሄደ። የካቲት 23 የሆነው ውጊያ በዚያ ሰዓት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጄኔራል ባራቲየሪ ከመንግሥቱ ግፊት በተጨማሪ የስንቅ ማለቅም አስጨንቆት ነበር። «ስንቅና ትጥቅ» የሚለው ጥምር ቃል ስንቅን ማስቀደሙ ለተርጓሚ ትምህርት ይሆናል።

5. ከሰንጠረዥ የሚገኝ ትምህርት

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በጥናት መጽሔት ላይ ያስተዋወቁት የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ለዚህ መስክ ሁለት ነገር ያበረክታል።

የመጀመሪያው «ወረራ» ነው። የዛሬዎቹ የስልት ጨዋታዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ተጫዋቾች ተራ ጠብቀው የሚያንቀሳቅሱባቸውና ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስባቸው። በሰንጠረዥ ሁለቱም በአንድ ገበታ ላይ ነበሩ። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ምርኮ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም ወገን አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ እንደ ፈቀደ ያሰልፋል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ከምርኮው በኋላ በተራ መጫወት ይጀመራል። ስለዚህ «የተራ ጨዋታ» እና «የወረራ ጨዋታ» የሚሉት ስያሜዎች ከውስጥ የተገኙ ናቸው።

ሁለተኛው የመቈጠብ ሕግ ነው። እያንዳንዱ ወገን 16 ጠጠር ብቻ አለው። ከዚህም ሌላ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም። የጠላቱን ጭፍራ ፈጽሞ የጨረሰ ተጫዋች ድሉን ያጣል፤ የራሱን ኃይል ብቻ ሳይሆን የባላጋራውንም መጥኖ መያዝ አለበት።

የጠጠሮቹ ስሞች ደግሞ ስለ ብድር ቃላት ያስተምራሉ። ፈርዝ፣ ፊልና መደቅ ከፋርስና ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ንጉሥና ፈረስ የራሳችን ናቸው። የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ባዕዱን ሁሉ አላባረሩም፤ ያላቸውንም አልጣሉም። ጨዋታው ብቻ ሊፈጥራቸው የቻላቸውን ፍጡራን ስም እንዳለ መውሰድ፣ ለቀለብና ለሰፈር ግን ባዕድ ቃል አለመፈለግ የዚያ ልማድ ቀጣይ ይሆናል።

6. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ጭፍራ (ስ.)፦ በተጫዋቹ የሚታዘዝ ማንኛውም ተዋጊ፤ ብዙ ቍ. ጭፍሮች።
ጥሪት (ስ.)፦ ተለቅሞ የተከማቸ፣ ለግንባታና ለጭፍራ ማውጫ የሚውል ነገር።
ቀለብ (ስ.)፦ ጭፍራ በሕይወት ሳለ ያለማቋረጥ የሚጠይቀው ወጪ።
ስፍር (ስ.)፦ ሊቀለብ የሚችለው ጭፍራ ከፍተኛ ልክ።
ስንቅ (ስ.)፦ ከሰፈር ርቆ ለሚዘምት ጦር የሚያዝ፣ የሚያልቅ ምግብና ቁሳቁስ።
ሰፈር (ስ.)፦ ጥሪት የሚከማችበትና ጭፍራ የሚወጣበት ቦታ።
ቃፊር (ስ.)፦ ያልታየውን አገር ቀድሞ የሚያይ ጭፍራ።
ደጀን (ስ.)፦ ለክፉ ቀን ከውጊያ ውጭ የተያዘ ኃይል።
ወረራ (ስ.)፦ ተራ የሌለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት የአጨዋወት ሥርዓት።

ከእነዚህ ውስጥ «ቃፊር» እና «ጥሪት» ከወጣቱ አነጋገር እየራቁ ያሉ ናቸው። ቃላት የሚሰነብቱት በመዝገብ ስለ ተጻፉ ብቻ ሳይሆን ሥራ ስላላቸው ነው። በዕለታዊ ጨዋታው ጭፍራውን ቆጥሮ ቀለቡን የሚሰፍር ወጣት እነዚህን ቃላት የሚገናኝበት ሌላ አጋጣሚ ጥቂት ነው። የመስኩ ተርጓሚዎች በሥራ ላይ ሞክረዋቸው የማይስማሙትን ከነምክንያቱ ቢያመለክቱ፣ ስያሜዎቹ ከመጽደቃቸው በፊት ለማረም ይረዳል።